ጎተራ ሞልቶ ልጅ ለምን ይቀነጭራል? የአመጋገብ መመሪያ ታሪክ ባጭሩ

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ማዳበሪያም ስለ ዘርም አይደለም፤ ስለ ማዕዳችሁ ነው። እስኪ ከታሪኩ እንጀምር።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሲሲሊ ዊሊያምስ የምትባል ሐኪም በዛሬዋ ጋና ትሠራ ነበር። እግራቸው ያበጠ፣ ቆዳቸው የሚላላጥ ሕፃናት ይመጡላታል። ልጆቹ የሚበሉት አላጡም፤ የበቆሎ ምግብ ይሰጣቸዋል። የአገሬው ሰው በሽታውን ኳሺኦርኮር ይለዋል፤ ታናሽ ሲወለድ ታላቁን የሚይዘው በሽታ ማለት ነው። ሐኪሟ በ1935 ይህንኑ ስም ለዓለም አሳወቀች። ልጁ ከጡት ሲለይ በወተቱ ቦታ የገባው በቆሎ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ ምሁራን «የጎደለው ገንቢ ምግብ ነው» ብለው አንዱን ነገር ብቻ ያዙ። የወተት ዱቄትና የተዘጋጀ የልጆች ምግብ ይታደል ጀመር። እኛም አገር በንጉሡ ዘመን በስዊድን እርዳታ ፋፋ ተሠራ፤ ታላላቆቻችሁ ያስታውሱታል። ፋፋ ጥሩ ነው፤ ግን በፓኬት የሚመጣ ምግብ ገጠሩን ሁሉ አያዳርስም። ደግሞ ልጅ ገንቢ ምግብ ብቻ አይደለም የሚያንሰው፤ ኃይል ሰጪውም በሽታ ተከላካዩም ያንሰዋል።

ስለዚህ በ1992 አገሮች ሮም ላይ ስለ ሥርዓተ ምግብ መከሩ። በ1995 ደግሞ ባለሙያዎች ቆጵሮስ ላይ ተሰብስበው መመሪያ እንዴት እንደሚዘጋጅ ተነጋገሩ። «ይህን ያህል ግራም ፕሮቲን» ቢባል ማን ይረዳዋል? ሰው የሚበላው ሽሮ፣ ጎመን፣ እንቁላል ነው። እንግዲህ መመሪያው በምግብ ስም ይነገር፣ ያውም በየአገሩ ምግብ ተባለ። ደቡብ አፍሪካ በ2003፣ ቤኒን በ2015፣ ሴራሊዮን በ2016፣ ኬንያ በ2017 የየራሳቸውን አወጡ።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ መንግሥት ሐምሌ 2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ቃል ኪዳን እስከ 2022 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቆም ቃል ገባ። የመጀመሪያው የአመጋገብ መመሪያችን ደግሞ መጋቢት 2014 ዓ.ም. ይፋ ሆነ።

ለምን አስፈለገ? በ1992 ዓ.ም. በአገራችን ከ100 ሕፃናት 58ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. ወደ 38 ወረደ። በዚያው ዓመት ግን አማራ ክልል 46 ነበር፤ ከክልሎች ሁሉ የባሰው። አማራ ክልል እኮ እህል በብዛት ከሚያመርቱት አንዱ ነው! ነገሩ ያው የጋናው ነው፦ ጎተራው ሞልቶ ማዕዱ አንድ ዓይነት ሲሆን ልጅ ይቀነጭራል።

አያችሁ፣ መመሪያው አዲስ አበባ ቢጻፍም ሥራ ላይ የሚውለው እናንተ ቤት፣ የገበያ ቀን ጠዋት ነው። ምስሩ፣ ቅቤው፣ እንቁላሉ ሁሉ ተጭኖ ከሄደ ለልጅ የሚቀረው እንጀራ ብቻ ነው። «የማዳበሪያ ዕዳ አለብኝ፣ የተማሪ ደብተር አለብኝ» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ሁሉን አትሽጡ አላልኩም። ከመጫናችሁ በፊት የልጁን ድርሻ ለዩ ነው የምለው።

• ልጅ 6 ወር እስኪሞላው የእናት ጡት ብቻ ይጥባ።
• ከ6 ወር በኋላ ከጡቱ ጋር ገንፎ ይጀምር፤ ለሦስት እጅ እህል አንድ እጅ ጥራጥሬ አስፈጩ።
• በጓሮ ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ ትከሉ፤ ለልጁም ለእናቱም ነው።
• ከእንቁላሉ ጥቂቱን ለልጁ አስቀሩ። በጾም ወቅትም ሕፃን አይጾምም፤ «ዕቃ ይነካል» ብላችሁ አትከልክሉት፣ የራሱን ድስት ለዩለት።

ልጅ ዕድሜው ሁለት ዓመት ሳይሞላ የቀነጨረውን በኋላ ማካካስ ከባድ ነው። አዝመራ ቢያልፍ ለከርሞ ይደረሳል፤ ይሄኛው ግን ከርሞ የለውም። ስልክ ለሌለው ጎረቤታችሁም አንብቡለት።