ማትሪክና ወንዙ

ሐምዳይት ተከዜ ሰቲት ተብሎ ወደ ሱዳን በሚዘልቅበት ዳር የተቈረቈረች፣ የሦስት አገሮች ወሰን የሚገናኝባት ትንሽ ከተማ ናት። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ጦርነት ያፈናቀለው የትግራይ ሕዝብ በዚህ በኩል ወንዙን ተሻገረ፤ ወደ ምሥራቅ ሱዳን የገባው ስደተኛም ከ60 ሺህ በላይ ሆነ። ከመካከላቸው ትምህርታቸው በኮሮና ምክንያት ቀድሞ የተቋረጠባቸው ተማሪዎች ነበሩ። የ2012 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በሌላው የአገሪቱ ክፍል በ2013 ዓ.ም. ሲሰጥ ትግራይ ውጭ ቀረች።

ማትሪክ እያልን የምንጠራው ፈተና ዕድሜው ከከፍተኛ ትምህርታችን ጋር የተያያዘ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ገቢውን የሚለይ ወጥ መመዘኛ አስፈልጎ ነበር። ፈተናውን ጨርሶ መኰነን አይገባም። የባላገር ልጅ ያለ አማላጅ ዩኒቨርሲቲ የገባው በዚሁ ወረቀት ነውና። ነገር ግን አንድ ወረቀት፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ሲባል መንገዱም አንድ እንደ ሆነ መገመቱ ነው። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ኩረጃን ለመከላከል የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው ተፈተኑ። ከ896,520 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ ማለትም 3.3 በመቶ ነበሩ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከሺህ በላይ ናቸው። እንግዲህ አንድ ትምህርት ቤት እንዳለ ሲወድቅ የተመዘነው ማን ነው? ልጁ ወይስ መምህርና መጽሐፍ ያጣው ክፍል? ውጤቱ የተጻፈው ግን በልጁ ስም ነው።

በገዳሪፍ ግዛት በኡም ራኩባና በጡነይድባ መጠለያዎች ለሰፈረው ወጣት ደግሞ ሌላ ወረቀት ነበረ፤ የሱዳን ሰርተፊኬት። የሚፈተኑበት ቋንቋ ዐረብኛ ነው። በትግርኛ ፊደል ቈጥሮ፣ በእንግሊዝኛ ፊዚክስ የተማረ ልጅ በዐረብኛ ሲጠየቅ የሚለካው የፊዚክስ ዕውቀቱ አይደለም። በ1970ዎቹ በዚሁ በምሥራቅ ሱዳን በኩል የተሰደደው ትውልድም ይህንኑ ግድግዳ አይቶታል።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳንም ራሷ በጦርነት ታመሰች። በትግራይ ፈተናው የተሰጠው ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም. ነው። በ2012 ዓ.ም. 18 ዓመቱ የነበረ ተማሪ በዚያ ቀን 22 ሞልቶታል፤ ከፊቱ የተቀመጠው ወረቀት ግን ስለ እነዚያ አራት ዓመታት አንድም ጥያቄ አልነበረበትም።