‹‹ፕላን ይነካዋል››፦ ሻጭ ዝም ብሎ ለሸጠው ቤት ገዢ ምን መብት አለው?

በአገራችን ቤት መግዛት አብዛኛው ደመወዝተኛ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ የሚሞክረው ነገር ነው። ገንዘቡም የባልና የሚስት የዓመታት ቁጠባ፣ የዕቁብ ዕጣ፣ የባንክ ብድር፣ አንዳንዴም ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ እህት የላከችው ተጨምሮበት የሚሞላ ነው። እንዲህ ተለፍቶ ተገዝቶ ስሙ ከዞረ በኋላ ገዢው ለጭማሪ ግንባታ ፈቃድ ሊጠይቅ ክፍለ ከተማ ሲሄድ ‹‹ይህን ቦታ ፕላን ይነካዋል›› የሚል መልስ ቢገጥመውስ? ሻጭ ያውቅ ነበር ወይ? ያውቅ ከነበረስ ለምን አልተናገረም? ሕጉስ ምን ይላል? በዚህ ጽሑፍ የማነሳው ይህንኑ ነው። ከሪል ስቴት አልሚ ድርጅት የሚገዛ ሰው በ2017 ዓ.ም. የወጣውን የሪል ስቴት ልማትና ግብይት አዋጅ ለብቻው ሊመለከት ይገባል። እኔ የማተኩረው ከግለሰብ ሻጭ በሚገዛ ቤት ላይ ነው።

‹‹ፕላን ይነካዋል›› ሲባል ምን ማለት ነው?

ሐረጉ ብዙ ነገር ያቅፋል። አንደኛ፣ በግቢው ላይ ሊሠራ የታቀደ መንገድ ያልፍ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ቦታው በፕላኑ ላይ ለአረንጓዴ ሥፍራ፣ ለወንዝ ዳርቻ ወይም ለሕዝብ አገልግሎት ተከልሎ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ መኖሪያ ቤት ይፈቀድበት ይሆናል እንጂ ገዢው ያሰበው ባለ ሦስት ፎቅ ወይም የንግድ ቤት አይፈቀድበትም። አራተኛ፣ ዋናው ቤት ሕጋዊ ሆኖ ሰርቪሱ ያለ ግንባታ ፈቃድ የተሠራ፣ ወይም የአጥሩ አንድ ጎን ከካርታው ወሰን ውጭ የወጣ ሊሆን ይችላል። አራቱም በገበያው ቋንቋ ‹‹ፕላን ይነካዋል›› ቢባሉም በሕግ ፊት የሚሰጡት መፍትሔ አንድ ዓይነት አይደለም።

ብዙ ሰው ካርታ ካለ ሁሉ ነገር አለ ብሎ ያምናል። ካርታው የይዞታው ባለመብት ማን እንደሆነ፣ ስፋቱንና ወሰኑን ይነግረናል። ከተማው ለዚያ ቦታ ነገ ምን እንዳሰበለት ግን ሁልጊዜ አይነግረንም። ይህን የሚነግረን የከተማው ፕላን ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 መዋቅራዊ ፕላን የአሥር ዓመት ዕድሜ እንዲኖረው ደንግጓል፤ የአዲስ አበባው የአሥር ዓመት መዋቅራዊ ፕላንም የጸደቀው በ2009 ዓ.ም. ነው። በመዋቅራዊ ፕላኑ ሥር ደግሞ ሠፈርን በሠፈር የሚዘረዝሩ የአካባቢ ልማት ፕላኖች ይዘጋጃሉ። ስለዚህ ትናንት ንጹሕ የነበረ ቦታ ነገ መንገድ ሊያርፍበት ይችላል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ምክንያት ስንት ግቢ እንደተነካ ያየ አንባቢ ይህ ባዶ ሥጋት እንዳልሆነ ይረዳል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ቀን ነው

ጠበቃ ዘንድ ከመሄድዎ በፊት አንድ ነገር ያጣሩ። ፕላኑ ወይም የማንሳት ውሳኔው የመጣው ከሽያጩ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ከሽያጩ በኋላ ተወስኖ ከሆነ በመሠረቱ ሻጭን የምንከስበት ምክንያት የለም። ቤቱ የእኛ ሆኗል፤ ዕድሉም የእኛ ነው። ያለን መንገድ በ2011 ዓ.ም. በወጣው የካሣ አዋጅ ቁጥር 1161 እና በማሻሻያው መሠረት ከመንግሥት ካሣና ምትክ መጠየቅ ብቻ ነው።

ይህ ካሣ ግን የገዛንበትን ዋጋ እንደማይመልስ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ባለይዞታ ካሣ የሚጠይቀው በመሬቱ ላይ ባፈራው ንብረት ነው። በገበያ ግን የምንከፍለው ለሠፈሩ ጭምር ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ቤት በ12 ሚሊዮን ብር ተገዛ እንበል፤ ያንኑ ቤት ዛሬ ለመገንባት የሚፈጀው 4 ሚሊዮን ብር ቢሆን፣ የካሣው ስሌት የሚነሳው ከ4 ሚሊዮኑ እንጂ ከ12ቱ አይደለም። ምትክ ቦታ ቢሰጥም በዚያው ሠፈር ይሆናል ማለት አይደለም። ያለ ፈቃድ የተሠራ ሰርቪስ ከሆነማ ካሣውም አጠራጣሪ ነው። እንግዲህ ‹‹መንግሥት ካሣ ይከፍላል፣ ምን ቸገረሽ?›› የሚል ሻጭ ከስሌቱ ግማሹን ብቻ እየነገረን ነው።

ሻጭ እያወቀ ከሸጠስ?

ነገሩ ከሽያጩ በፊት የነበረ ከሆነ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከአንድ በላይ በር ይከፍታል።

የመጀመሪያው በር ተንኮል ነው። በአንቀጽ 1704 መሠረት አንዱ ወገን ሌላውን በማታለያ ዘዴ አሳስቶ ካዋዋለው፣ የተታለለው ወገን ባይታለል ኖሮ ውሉን የማይዋዋል ከሆነ፣ ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል። ችግሩ ሕጉ የሚፈልገው የማታለል ድርጊት መሆኑ ነው። የቆየ ሰነድ ማቅረብ፣ የደረሰ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤን ከማኅደር አውጥቶ መደበቅ፣ በመንገድ ምልክት የተቀባ ድንጋይን ነቅሎ መጣል ድርጊት ነው። ዝም ማለት ብቻውን ግን ለክርክር የተጋለጠ ነው። ተራ የሐሰት ቃል እንኳ ቢሆን አንቀጽ 1705 በተዋዋዮቹ መካከል ልዩ መተማመን እንዲኖር ይፈልጋል። ለማያውቁት ሻጭ ‹‹አምኜው ነው›› ብሎ መከራከር ከባድ ነው።

ሁለተኛው በር ስህተት ነው። በአንቀጽ 1697 እና 1698 መሠረት ገዢው የተሳሳተው ለውሉ መሠረታዊ በሆነ ነገር ላይ መሆኑን ማስረዳት አለበት። መሠረታዊ የሚባለውም ሁለቱም ወገኖች እንደዚያ ያዩት፣ ወይም በቅን ልቦናና በንግድ ልማድ እንደዚያ የሚታይ ነገር ነው። በውሉ ላይ ‹‹ገዢ ቤቱን የሚገዛው ፎቅ ለመገንባት ነው›› የሚል አንድ መስመር ካለ ይህ በር ሰፊ ነው። ያ መስመር ከሌለ ይጠባል።

ሦስተኛው በር የሻጭ የመድንነት ኃላፊነት ነው። በአንቀጽ 2281 ሻጭ በውሉ ጊዜ በነበረ የሦስተኛ ወገን መብት ምክንያት ገዢው ከንብረቱ እንዳይነቀል መድን ነው። ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ደግሞ የተሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ከጉድለት የጸዳ ለመሆኑ መድን ነው። በአንቀጽ 2289 ጉድለት የሚባለው የግድግዳ ስንጥቅ ብቻ አይደለም፤ ንብረቱ በውሉ በግልጽ ወይም በዝምታ ለታሰበለት አገልግሎት የማይበቃ መሆኑም ጉድለት ነው። የዚህ በር ጥቅሙ የሻጭን ተንኮል ማስረዳት የግድ አለመሆኑ ነው። ሻጭ በውሉ ‹‹ለምንም ነገር ኃላፊ አይደለሁም›› ብሎ ቢጽፍ እንኳ ጉድለቱን ሆን ብሎ ደብቆ ከሆነ በዚያ ሐረግ ሊከለል አይችልም።

አራተኛው በር ወንጀል ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 ሰውን አታልሎ ጥቅም ማግኘትን ሲቀጣ፣ የመግለጽ ግዴታ ያለበትን ነገር መሰወርንም ይጨምራል። ከፍትሐ ብሔሩ ይልቅ ዝምታን በግልጽ የጠቀሰው ይህ ነው። ነገር ግን ‹‹ግዴታው የት ተጻፈ?›› የሚል ክርክር ይነሳል። ፖሊስ ጣቢያ ማመልከትም የፍትሐ ብሔሩን የጊዜ ገደብ ያቆምልኛል ብሎ መዘናጋት አይገባም።

ጊዜው አጭር ነው

ውል ይፍረስልኝ የሚል ክስ በአንቀጽ 1810 መሠረት የማፍረሻው ምክንያት ከቀረበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ተንኮል ከሆነ ይህ ቀን እውነቱ የታወቀበት ነው ብለን እንከራከራለን። ስለዚህ ከክፍለ ከተማው ያገኙት መልስ ቀንና ማኅተም ያለው ይሁን። በጉድለት መድንነት የሚቀርበው ክስ ደግሞ በአንቀጽ 2298 ጉድለቱን ለሻጭ ካስታወቁበት ቀን አንስቶ አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ ማስታወቁም ነገሩ እንደታወቀ ሳይዘገይ መሆን አለበት። በስልክ ተጨቃጭቆ መተው ማስታወቅ አይደለም። በጽሑፍ ይስጡ፣ ማድረስዎን የሚያሳይ ፊርማ ያስቀሩ።

አንድ የማውቀው የመሥሪያ ቤት ባልደረባ የሆነ ሰው ያጋጠመውን ላንሳ። ሻጭን በሽማግሌ ሲያባብል አንድ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀ። ሻጭም ‹‹እስቲ ለፋሲካ››፣ ‹‹እስቲ ለመስቀል›› እያለ አዘገየው። በዚህ መሃል ሻጭ የተቀበለውን ገንዘብ ወደ ሌላ ንብረት ለውጦ ጨረሰ። ሽምግልና ባህላችን ነው፤ አልቃወምም። ግን ከሽምግልናው ጎን ለጎን ክሱን አዘጋጅቶ በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 151 እና 154 መሠረት የሻጭ ንብረት እንዲከበር ወይም እንዲታገድ መጠየቅ ይቻል ነበር። ፍርድ አግኝቶ የሚፈጸምበት ንብረት ማጣት ከመሸነፍ አይሻልም። የክሱ ግምት እስከ 10 ሚሊዮን ብር ከሆነ ጉዳዩ የሚታየው በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ በላይ ከሆነ በከፍተኛው ፍርድ ቤት መሆኑንም ያስታውሱ።

በውሉ ላይ ያነሰው ዋጋ

ውል ሲፈርስ አንቀጽ 1815 ተዋዋዮች ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው ይመለሱ ይላል። እዚህ ላይ ብዙ ገዢ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። የስም ማዛወሪያውን ክፍያ ለመቀነስ ተብሎ በ12 ሚሊዮን የተገዛ ቤት በውሉ ላይ 3 ሚሊዮን ተብሎ ይጻፋል። ነገሩ ሲበላሽ ሻጭ ‹‹የተቀበልኩት በውሉ የተጻፈውን ነው›› ይላል። በአንቀጽ 2005 መሠረት የተፈረመ ጽሑፍ በፈራሚዎቹ መካከል ሙሉ ማስረጃ ነው፤ በምስክር ማስተባበሉም ቀላል አይደለም። ለክፍያ የተቆጠበችው ጥቂት ገንዘብ ሚሊዮኖችን ይዛ ትሄዳለች። ገንዘቡ በሙሉ በባንክ ይተላለፍ፣ ዋጋውም እንደ እውነቱ ይጻፍ።

ዝምታውን ወደ ቃል መለወጥ

ከላይ ያየናቸውን በሮች አንድ ላይ ብናስተውል የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። ሻጭ አንድ ነገር ብሎ ከጻፈ ሁሉም ሰፊ ናቸው፤ ዝም ካለ ሁሉም ይጠባሉ። ስለዚህ የገዢ ዋና መከላከያ ክስ አይደለም፤ ከፊርማው በፊት ሻጭን ጠይቆ መልሱን ማስፈረም ነው። ድስት ጥዶ ከማልቀስ ቀድሞ መጥኖ መደቆስ ይሻላል እንዲሉ።

እንዴት? ቀብድ ከመስጠትዎ በፊት ሻጭ በራሱ ስም ለክፍለ ከተማው አመልክቶ የቦታውን የፕላን መረጃ በጽሑፍ እንዲያመጣ ይጠይቁ፤ ወይም ለዚሁ ብቻ ውክልና ይስጥዎት። ይህን እምቢ ያለ ሻጭ መልሱን ሰጥቷል። ቀብድ መስጠት የግድ ከሆነ ‹‹የፕላን ማረጋገጫው ችግር ካሳየ ቀብዱ ሳይቀነስ ይመለሳል›› የሚል ይጻፍበት፤ አለበለዚያ በአንቀጽ 1885 መሠረት ውሉን የተወው ገዢ ቀብዱን ያጣል። ግንባታ ካሰቡ የፕላን ስምምነት ሊገኝ እንደሚችል አስቀድመው ያጣሩ። ደላላው ‹‹እኔ አውቀዋለሁ፣ ንጹሕ ቦታ ነው›› ቢል ያመስግኑት፤ ቃሉን ግን እንደ ማስረጃ አይያዙ።

በውሉ ውስጥም ‹‹ቤቱን አይቼ ወድጄ ገዝቻለሁ›› ከሚለው የተለመደ ሐረግ ጎን ይህ ይግባ፦ ‹‹ሻጭ በቤቱና በይዞታው ላይ የመንገድ፣ የመልሶ ማልማት፣ የአጠቃቀም ገደብ ወይም የማንሳት ማስታወቂያ እንዳልደረሰው፣ ግንባታው ሁሉ በፈቃድ የተሠራ መሆኑን አረጋግጧል፤ ይህ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ዋጋውን ከነወጪውና ከነወለዱ ይመልሳል።›› ይህን የያዘ ውል በአንቀጽ 1723 በሚጠይቀው መሠረት ውልና ማስረጃ ቀርቦ ሲመዘገብ ሻጭ ዝም ያለ ሰው መሆኑ ይቀራል፤ ቃል የሰጠ ሰው ይሆናል። ውጭ አገር ሆነው በወንድም ወይም በዘመድ ውክልና የሚገዙ ደግሞ ይህንኑ ሐረግ አስገባ ብለው በጽሑፍ ይዘዙት፤ ወኪሉ ቤቱን ‹‹አይቶ የወደደው›› በእናንተ ስም ነውና።

እኔ እንደሚመስለኝ ይህ ሁሉ ሸክም በገዢ ላይ ብቻ መውደቁ ልክ አይደለም። ፕላኑ ያለው በመንግሥት እጅ ነው፤ ማስታወቂያው የሚደርሰው ለሻጭ ነው፤ ሁለቱን የማያውቀው ገንዘቡን የሚከፍለው ሰው ብቻ ነው። ሕግ አውጪው የቤት ሽያጭ ውል ከመመዝገቡ በፊት ሻጭ የሚፈርመውና የክፍለ ከተማው የፕላን መረጃ የሚያያዝበት አንድ ገጽ ቅጽ ቢያስገድድ ማንንም አይጎዳም። ያኔ የመግለጽ ግዴታው የት ተጻፈ ለሚለው ክርክር መልስ ይገኛል። እስከዚያው ግን ያችን አንድ ገጽ ገዢው ራሱ አዘጋጅቶ ማስፈረም አለበት።

ቸር እንሰንብት።