የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ግምገማ

የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በኢትዮጵያ ሥር የሰደደ የምግብ እጥረት ባለባቸው ወረዳዎች በ1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2005) ተጀመረ። በአፍሪካ በስፋታቸው ከሚጠቀሱ የማኅበራዊ ጥበቃ ሥራዎች አንዱ ሲሆን፣ ከሌሎቹ ለየት የሚያደርገው በተደጋጋሚ የቤተሰብ ጥናት መለካቱ ነው። ግምገማው ከሁሉ ይልቅ የጠቀመው ለመስማት የማይመቹ ውጤቶችን ባወጣ ጊዜ ነበር።

ከፕሮግራሙ በፊት ዝናብ በቀረ ቁጥር የአስቸኳይ ጊዜ ጥሪ ይደረግ ነበር። በ1995 ዓ.ም. ብቻ 13 ሚሊዮን ገደማ ሰው እርዳታ አስፈልጎታል። ሆኖም ከተረጂዎቹ ብዙዎቹ ዝናብ ሲዘንብም ባይዘንብም በየዓመቱ የሚቸገሩ ነበሩ። ስለዚህ ጉልበት ያለው ሰው የሚገኝበት ቤተሰብ በማኅበረሰብ ሥራ ላይ ተሰማርቶ እንዲከፈለው ተወሰነ፤ እርከን ይሠራል፣ ችግኝ ይተክላል፣ የገጠር መንገድ ይጠርጋል። ሥራው በዓመት ለስድስት ወራት፣ ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር አምስት ቀን ታስቦ የሚሰጥ ነው። የቀን ክፍያው ሲጀመር 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። አረጋውያንና መሥራት የማይችሉ ሰዎች ቀጥተኛ ድጋፍ ያገኛሉ።

የቤት ለቤት መረጃውን የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ሰበሰበ፤ ትንተናውን በዋናነት የሠሩት የዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ናቸው። የመጀመሪያው ዙር እ.ኤ.አ. በ2006 ተካሄደ፤ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ ተደጋገመ። አንድ ትልቅ ችግር ግን ነበር። ተጠቃሚዎቹን በዕጣ ሳይሆን በድህነታቸው የሚመርጣቸው የየአካባቢው ሕዝብና ቀበሌ ነው። በመሆኑም ተጠቃሚውን ከጎረቤቱ ጋር በቀጥታ ማነጻጸር ፕሮግራሙ ሰውን ያደኸየ ያስመስለዋል። ተመራማሪዎቹ ስለዚህ በመሬት፣ በከብት፣ በቤተሰብ ብዛትና በመሳሰለው የሚመሳሰሉ ቤቶችን እየፈለጉ አጣመሩ። ዘዴው እንደ ዕጣ አያስተማምንም፤ ጥናቱም የተጀመረው ፕሮግራሙ ሥራ ከጀመረ በኋላ ነበር።

የመጀመሪያው ውጤት አላስደሰተም፤ በአማካይ የታየው ለውጥ አነስተኛ ነበር። ምክንያቱን ግን ያው መረጃ አሳየ፤ ብዙ ቤቶች የደረሳቸው ከታቀደው በጣም ያነሰ ክፍያ ነው። ቢያንስ ግማሹን ያገኙት የምግብ ዋስትናቸው በአንዳንድ መለኪያዎች ተሻሽሏል። ሐሳቡ ሳይሆን አፈጻጸሙ እንደጎደለ በዚህ ታወቀ። እርዳታ የለመደ ሰው ሥራ ይጠላል የሚለው፣ በየስብሰባው የሚነሳው ስጋትም በጥናቱ ድጋፍ አላገኘም። ክፍያው በተሻለ ሁኔታ መድረስ ከጀመረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2010 ያለውን መረጃ የተነተነ ጥናት በማኅበረሰብ ሥራ አምስት ዓመት መሳተፍ ቤተሰቡ በቂ ምግብ የማያገኝበትን ጊዜ በዓመት በ1.29 ወር እንደሚያሳጥር አመለከተ። አዝመራ ሳይደርስ ጎተራው ለሚራቆትበት ገበሬ ይህ ትንሽ አይደለም። በመካከሉ እ.ኤ.አ. በ2008 የእህል ዋጋ ሲንር የብሩ የመግዛት አቅም ወደቀ፤ ጥሬ ገንዘብ ከእህል ይሻላል ተብሎ የታመነበት አሠራር ተፈተነ፣ ተጠቃሚዎችም ወደ እህል አዘነበሉ።

ከሁሉ የከበደው ዜና የሕፃናቱ ነው። ቤቱ ብዙ ወር ቢበላም፣ የልጆች መቀንጨርም ሆነ መክሳት በፕሮግራሙ ምክንያት ስለመቀነሱ ማስረጃ አልተገኘም። ሆድ የሚሞላ እህል ለትንሽ ልጅ በቂ አይደለም፤ የምግቡ ዓይነት አልተለወጠም፣ እናቶችም ከጤና ሠራተኞች ጋር የሚገናኙት ከስንት አንዴ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 በተጀመረው የፕሮግራሙ አራተኛ ምዕራፍ ነፍሰ ጡሮችና አራስ እናቶች ከጉልበት ሥራ ወጥተው ወደ ጊዜያዊ ቀጥተኛ ድጋፍ እንዲዛወሩ፣ በሥነ ምግብ ትምህርት መገኘትም እንደ ሥራ እንዲቆጠር ተደረገ።

በኋላ የመጡ ጥናቶች ከቤት ለቤት መጠይቅ ወጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ አንድ ጥናት የሳተላይት ምስል ተጠቅሞ ከ2005 እስከ 2019 ፕሮግራሙ የዛፍ ሽፋንን በ3.8 በመቶ እንዳሳደገ፣ ለውጡም በተዳፋት ቦታዎች እንደሚበልጥ አሳይቷል።

በገጠሩ ያልነበረው ዕጣ በከተማው ተገኘ። በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ሲጀመር፣ በአዲስ አበባ ቀድመው የሚገቡት ወረዳዎች በዕጣ ተለዩ። የዕጣው ጥቅም ከተጠቃሚዎቹ አልፎ በከተማዋ ሥራ ገበያ ላይ የደረሰውን ለማየት ማስቻሉ ነው። ሰዎች ወደ ሕዝብ ሥራው ሲገቡ የግል ቀጣሪው ሠራተኛ አነሰበትና ደመወዝ ጨመረ። ተመራማሪዎቹ ፕሮግራሙ በመላ ከተማዋ ሲዳረስ ጭማሪው 18.6 በመቶ እንደሚሆን አስልተዋል፤ ከጥቅሙም ሰፊው ድርሻ ለድሆች የሚደርሰው በእንዲህ ያለ ተዘዋዋሪ መንገድ ነው።