የሰው አምሳያ በሐኪሞች ትምህርት

ሐኪምም ሆነ አዋላጅ እጁን የሚያፍታታው በሰው አካል ላይ ነው። ይህ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነገር ሲሆን፣ ያ ሰው ማን እንደ ሆነ ግን እምብዛም አይጠየቅም። በአውሮፓ የማስተማሪያ ሐኪም ቤቶች ታሪክ እንደምናየው፣ ተማሪው የሚለማመድበት በሽተኛ ባብዛኛው ገንዘብ የሌለውና በነጻ የሚታከም ድኻ ነበር። በድንገተኛ ሕክምና ጊዜ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። ልቡ ለቆመ ሰው ያለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለ ሆነ፣ መምህሩ ተማሪውን «ተው፣ እንደገና ሞክር» ለማለት ፋታ የለውም።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው፣ ይህን ዕዳ ከበሽተኛው ላይ አንሥቶ ወደ ጨርቅ፣ ወደ ፕላስቲክና ወደ ኤሌክትሪክ መሣሪያ ለማዛወር የተደረገውን ጥረት ነው። የሰው አምሳያ የሆነ መሣሪያ ጥቅሙ ሰውን በመምሰሉ መጠን አይለካም የሚል አሳብ አለን። የሚለካው የተማሪውን ስሕተት ደጋግሞ በመሸከሙና ያንኑ ስሕተት ገልጦ በማሳየቱ ነው። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከፈረንሳይ እንጀምራለን። በ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የፈረንሳይ መንግሥት የሕዝቡ ቍጥር እየቀነሰ ሄደ የሚል ሥጋት ነበረበት፤ በገጠርም በወሊድ ጊዜ የሚሞቱት እናቶችና ሕፃናት ብዙ ነበሩ። ስለዚህ ንጉሥ ሉዊ 15ኛ በ1759 ዓ.ም. አንጀሊክ ዱ ኩድሬ የተባለችው የፓሪስ አዋላጅ በየአውራጃው እየዞረች የማዋለድን ጥበብ እንድታስተምር ፈቃድ ሰጣት። ዱ ኩድሬ ከዚያ በፊት ኦቨርኝ በተባለው አውራጃ ስታስተምር፣ ማንበብና መጻፍ ለማያውቁት የገጠር ሴቶች ትምህርቱን በቃል ብቻ ማስረዳት እንደማይቻል ተገንዝባ ነበርና፣ «ማሽን» ብላ የሰየመችውን መለማመጃ ሠራች።

ማሽኑ የሴትን ወገብና ጭን በትክክለኛው መጠን የሚያሳይ፣ ከጨርቅና ከቆዳ የተሰፋ ነው። በውስጡ ያሉት ገመዶችና ማሰሪያዎች ሲሳቡና ሲላሉ የሕፃኑ መውጫ ይጠባል፣ ይሰፋል። ሕፃኑም ከጨርቅ የተሰፋ ሆኖ እጅና እግሩ ይታጠፋል፤ አፉም ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አለው። ይህ የመጨረሻው ነገር ለጌጥ የተደረገ አይደለም። ሕፃን በእግሩ የመጣ እንደ ሆነ ራሱ በመጨረሻ ተይዞ ስለሚቀር፣ አዋላጂቱ ጣቷን ወደ አፉ አግብታ አገጩን ወደ ደረቱ አጎንብሳ ማውጣትን መማር አለባት። በእውነተኛ ወሊድ ይህን የመሰለ አጋጣሚ በትምህርት ጊዜዋ አንድ ቀን እንኳ ላያጋጥማት ይችላል፤ በጨርቁ ላይ ግን በአንድ ጧት አሥር ጊዜ ልትሞክረው ትችላለች። ዱ ኩድሬ በዚህ አኳኋን ከ20 ዓመት በላይ ፈረንሳይን እየዞረች በሺሕ የሚቈጠሩ ሴቶችን አስተማረች። ከማሽኖቿ አንዱ ዛሬም በሩዋን ከተማ ሙዚየም ይገኛል። የሕክምና ታሪክ ጸሓፊዎች ለታላላቆቹ ቀዶ ጠጋኞች ምዕራፍ ሲሰጡ ለዚህች ሴት አንድ መሥመር ብቻ መስጠታቸው ለእኛ የሚገባን ነገር አይደለም።

ከዚህ በኋላ ታሪኩ ከሐኪም ቤት ወጥቶ ወደ አውሮፕላን ያዞረናል፤ ኋላ ሐኪሞች ብዙ ነገር የተዋሱት ከአብራሪዎች ነውና። ኤድዊን ሊንክ የተባለ አሜሪካዊ፣ አባቱ ኦርጋን የሚሠራበት ፋብሪካ ነበረውና፣ ከኦርጋን ወናፍ በወሰደው ጥበብ መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ አውሮፕላን የሚያዘነብል መለማመጃ በ1929 ዓ.ም. ሠራ። መጀመሪያ የፈለገው ሰው ጥቂት ነበር። በ1934 ዓ.ም. ግን የአሜሪካ ጦር አየር ክፍል ፖስታ እንዲያመላልስ ታዝዞ በመጥፎ አየር ብዙ አብራሪዎች ስለ ሞቱበት፣ መሣሪያውን ገዛ።

በ1950ዎቹ መጨረሻ ፒተር ሳፋር የተባለ ሐኪም በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ ባደረገው ምርምር፣ ትንፋሹ ለቆመ ሰው ከአፍ ወደ አፍ መተንፈስ፣ ጀርባን ከመጫንና ክንድን ከማንሣት የቀድሞ ዘዴ እንደሚበልጥ አስረዳ። ሙከራውም ጡንቻን የሚያሰንፍ መድኃኒት በተሰጣቸው ፈቃደኛ ሰዎች ላይ የተደረገ ነበር። በ1960 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ የነበሩት ኮወንሆቨንና ጓደኞቹ የደረት አጥንትን በመጫን የቆመ ልብ ደም እንዲያዘዋውር ማድረግ እንደሚቻል ጻፉ። እንግዲህ ዘዴው ተገኘ፤ ነገር ግን በጤነኛ ሰው ደረት ላይ ማን ይለማመድ? መፍትሔው የመጣው ከአሻንጉሊት ሠሪ ነው። የኖርዌዩ አስሙንድ ሌርዳል በስታቫንገር ከተማ ከለስላሳ ፕላስቲክ አሻንጉሊት ይሠራ ነበርና፣ ከማደንዘዣ ሐኪሞች ጋራ ተመካክሮ በ1960 ዓ.ም. «ሪሰሲ አን» የተባለችውን በሰው ልክ የሆነች አሻንጉሊት አወጣ። ፊቷ የተቀረጸው በፓሪስ በሴን ወንዝ ሰጠመች ከምትባል ስሟ ካልታወቀ ልጃገረድ የፊት ቅርጽ ነው ይባላል፤ የመስጠሟን ወሬ ግን የሚጠራጠሩት ብዙ ናቸው።

የዚህች አሻንጉሊት ዋናው ጥበብ በጕሮሮዋ ላይ ነው። ተማሪው ራሷን ወደ ኋላ አቅንቶ ካልያዘ አየር አይገባም፤ በትክክል ከያዘ ደረቷ ከፍ ይላል። ስለዚህ አሻንጉሊቷ ታስተምራለች፣ እዚያው ላይም ትፈርዳለች። ፍርዷም የመምህሩን ፊት የሚያይ አይደለም።

በዚያው ዘመን በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ስቲቨን ኤብራሃምሰንና ማደንዘዣ ሐኪሙ ጀድሰን ዴንሰን «ሲም ዋን» የተባለውን በኮምፒዩተር የሚታዘዝ አምሳያ አሠሩ። ደረቱ ይተነፍሳል፤ ዐይኑ ይርገበገባል፤ ብሌኑ ይጠባል፣ ይሰፋል፤ በመርፌ ለሚሰጠውም መድኃኒት መልስ ይሰጣል። በ1969 ዓ.ም. በወጣው ጥናት አሥር ተለማማጅ ሐኪሞች ተፈትነው፣ በአምሳያው የተለማመዱት ወደ መተንፈሻ ቧንቧ ቱቦ ማስገባትን በጥቂት ቀን ተማሩት። የሆነ ሆኖ ዋጋው እጅግ ከባድ ስለ ነበረ ሁለተኛ ሳይሠራለት ቀረ። ከሁሉ ይበልጥ ሰውን የመሰለው አንድ ብቻ ሆኖ ሲቀር፣ የአሻንጉሊት ሠሪው ሥራ ዓለምን ሞላ።

ስለ ፈተና ደግሞ ጥቂት ማለት ይገባናል። ቀድሞ ተማሪው የሚፈተነው በዕለቱ አልጋ ላይ በተገኘው በሽተኛ ነበርና፣ ለአንዱ ቀላል ለሌላው ከባድ ይደርሰው ነበር። ሃዋርድ ባሮውስ በ1963 ዓ.ም. ጤነኛን ሰው በሽተኛ መስሎ እንዲጫወት አሠለጠነ። ሮናልድ ሃርደን ደግሞ በስኮትላንድ በደንዲ ከተማ በ1975 ዓ.ም. ተማሪዎች በተራ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ እየተዘዋወሩ ሁሉም በአንድ ዓይነት ጥያቄና በአንድ ዓይነት መመዘኛ የሚፈተኑበትን ሥርዓት አሳተመ። በእስራኤል ቀድሞ አብራሪ የነበረው ሐኪም አሚታይ ዚቭ በ2001 ዓ.ም. የሕክምና መለማመጃ ማዕከል ካቋቋመ በኋላ፣ የማደንዘዣ ሐኪሞች የማዕርግ ፈተና በከፊል በአምሳያ ላይ ሆነ።

እዚህ ላይ ክርክር ይነሣል። አንድ ሰው ብዙ ዓመት ከደከመ በኋላ እንጀራውን በአሻንጉሊት ፊት ሊያጣ ይገባልን? አሻንጉሊት የምትጮኽ እናት የላትም፤ ሌሊቱንም አታመሽም። ክርክሩ ዋጋ አለው። ግን ሌላውን ዳኛ፣ ማለት መምህሩን፣ ስንመረምር ነገሩ ይለወጣል። በ1991 ዓ.ም. በወጣ አንድ ጥናት የልብ ማነቃቃትን የሚያስተምሩ መምህራን፣ ስሕተቱ በግልጽ የሚታየውን ተማሪ «ደኅና ሠርቷል» እያሉ ሲያሳልፉ ተገኝተዋል። በእኛ አስተያየት እጅ የሚሠራውን አሻንጉሊቷ ትመዝን፤ የቀረውን ሰው ይመዝን።

የቀረው ነገር ቀላል አይደለም። በስታንፎርድ ዴቪድ ጋባ በ1980ዎቹ መጨረሻ ሙሉውን የቀዶ ጥገና ክፍል ከነሠራተኞቹ አስመስሎ በማዘጋጀት፣ ሐኪሙ ችግር ሲደርስበት ረዳት በጊዜ መጥራቱንና ሥራ ማከፋፈሉን መመርመር ጀመረ። ይህንንም የወሰደው ከአብራሪዎች ነው።

ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ታሪኩ ወደ ዱ ኩድሬ የተመለሰ ይመስላል። የሌርዳል ድርጅት ለአዋላጆች ርካሽ መለማመጃዎች አወጣ። አንደኛው ክብደት እንዲኖረው ውሃ የሚሞላ ሕፃን ሲሆን፣ በእርሱ የሚሰጠው አዲስ የተወለደን ሕፃን የማስተንፈስ ትምህርት ወደ አገራችንም ደርሷል። ሌላው መምህሪቱ ራሷ ሆዷ ላይ የምታስረው ማኅፀን ነው። እርሷ እንደ እናት ታምጣለች፤ ሕፃኑን በእጇ ትገፋለች፤ ከወሊድ በኋላም ቀይ ፈሳሽ ታፈሳለች። ደሙን የምታቆመው መምህሪቱ ስትሆን፣ ተማሪዋ ማኅፀኑን በሚገባ እስክታሸው ድረስ አታቆምላትም።