የስኳር ሕመም መድኃኒቶችና የኦሜጋ 3 እንክብሎች፦ በሰውነት ውስጥ ያላቸው ሥራና ልዩነት

የስኳር ሕመም በስሙ ምክንያት ብዙ ጊዜ የስኳር ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይታያል። ሆኖም ሕመሙ ሰውነት ስብን የሚጠቀምበትን ሥርዓትም ያዛባል። በመሆኑም የዓሣ ዘይትና ሌሎች የኦሜጋ 3 እንክብሎች ለሕመሙ ይጠቅሙ እንደሆነ፣ መድኃኒትንም ይተኩ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። ይህ ጽሑፍ በወልድያ ከተማ፣ በመርሳና በሌሎች የሀብሩ ወረዳ ቀበሌዎች ለሚኖሩ ታካሚዎችና ቤተሰቦቻቸው ጉዳዩን ያብራራል።

ኢንሱሊንና ስብ

ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ስኳር ከደም ወደ ሕዋሳት እንዲገባ ያደርጋል። ከዚህም ሌላ የተከማቸ ስብ ከልክ በላይ እንዳይፈርስ ይቆጣጠራል። ኢንሱሊን ሲጠፋ ስብ ወደ ፋቲ አሲድ ይፈርሳል፤ ጉበትም ፋቲ አሲዱን ወደ ኪቶን ይለውጠዋል። ኪቶን ሲጠራቀም ደም አሲዳማ ይሆናል። ከፍተኛ የውኃ ጥም፣ ተደጋጋሚ ሽንት፣ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ ፈጣንና ጥልቅ አተነፋፈስ እንዲሁም መፍዘዝ ምልክቶቹ ናቸው። ሳይዘገይ ካልታከመ ለሞት ይዳርጋል።

ወልድያና አካባቢዋ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ውስጥ በቆዩባቸው ወራት የጤና ተቋማት በመዘረፋቸውና የመድኃኒት አቅርቦት በመቋረጡ፣ ሕይወታቸው በኢንሱሊን ላይ የተመሠረተ ታካሚዎች ለከፍተኛ አደጋ ተጋልጠው ነበር። ኢንሱሊን ሲቋረጥ የሚፈጠረውን ክፍተት የሚሞላ ዘይትም ሆነ የኦሜጋ 3 እንክብል የለም።

የሚዋጡ መድኃኒቶች

ሜትፎርሚን ጉበት ወደ ደም የሚለቀውን ስኳር ይቀንሳል። ሆድን እንዳያውክ ከምግብ ጋር ይወሰዳል፤ ብቻውን ሲወሰድ የደም ስኳርን ከልክ በታች የማውረድ ዕድሉ አነስተኛ ነው። ግሊቤንክላማይድ ግን ቆሽት ተጨማሪ ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ያነሣሣል። ስለሆነም መድኃኒቱ ተወስዶ ምግብ ሲዘለል የደም ስኳር በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። በዐቢይ ጾምም ሆነ በረመዳን መጾም የሚፈልጉ ታካሚዎች ጾሙ ከመግባቱ በፊት መጠኑና ሰዓቱ እንዲስተካከልላቸው የጤና ባለሙያ ማማከር ይኖርባቸዋል።

ኦሜጋ 3 ምን ያደርጋል?

ከዓሣ የሚገኘው ኦሜጋ 3 በከፍተኛ መጠን ሲወሰድ ጉበት የሚያመነጨውን ትራይግሊሰራይድ የተባለ የደም ስብ ይቀንሳል። የደም ስኳርን ግን ይህ ነው በሚባል ደረጃ አይቀንስም። በብሪታኒያ 15,480 የስኳር ታካሚዎችን ለ7 ዓመታት ያህል የተከታተለውና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው አሴንድ የተሰኘ ጥናት፣ በቀን 1 ግራም የዓሣ ዘይት የወሰዱት የወይራ ዘይት ከወሰዱት ይልቅ ከልብና ከደም ሥር ሕመም በተጨባጭ እንዳልተጠበቁ አሳይቷል። ከፍተኛ መጠን ያለው ኦሜጋ 3 የልብ ምት መዛባትና የመድማት ዕድልን ሊጨምር ስለሚችል ያለ ሐኪም ትእዛዝ መወሰድ የለበትም።

ተልባም የዕፅዋት ኦሜጋ 3 አለው፤ ነገር ግን ሰውነት በዓሣ ውስጥ ወደሚገኘው ዓይነት የሚለውጠው ጥቂቱን ብቻ ነው። ተልባ መልካም ምግብ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም። በስኳር ወይም በማር ሲጣፍጥም ጣፋጩ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል።

ለታካሚዎች የሚሰጥ ምክር

• የታዘዘ መድኃኒት በራስ ውሳኔ አይቋረጥም። በተለይ ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰዎች ሲታመሙና የምግብ ፍላጎታቸው ሲቀንስም ቢሆን ማቋረጥ የለባቸውም፤ የመጠን ለውጥ ከባለሙያ ጋር ይወሰናል።
• ማንኛውንም እንክብል፣ ዘይት ወይም የባህል መድኃኒት የሚወስዱ ታካሚዎች ለሐኪማቸው መንገር አለባቸው።
• ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጣል፤ በረዶ ከሠራ አይወሰድም። በሀብሩ ቆላማ ቀበሌዎች ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት፣ ብልቃጡን ውኃ በማያስገባ ነገር ጠቅልሎ በእርጥብ አሸዋ በተከበበ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ፣ በጥላ ሥር ማስቀመጥ ሙቀቱን ይቀንሳል።
• ላብ፣ መንቀጥቀጥና ድንገተኛ ረኃብ ሲሰማ፣ ታካሚው መዋጥ የሚችል ከሆነ፣ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣት ይገባል።
• መድኃኒት ሊያልቅ ሲቃረብ፣ ሳይቋረጥ አስቀድሞ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።