የጎጃም ቀይ አፈርና ዝሆኔ፦ የአንድ ሳይንሳዊ ክርክር ታሪክ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ደብረ ኤልያስና ወደ ደምበጫ የሚዘልቀው አገር ክረምቱ የከበደ፣ ጤፍና ስንዴ የሚመረትበት፣ ቀይ ሸክላማ አፈር በብዛት የሚገኝበት ምድር ነው። በዚህ ምድር ላይ ገበሬው ለብዙ ዘመን በባዶ እግሩ አርሷል፤ ገበያ ወጥቷል፤ ቤተ ክርስቲያን ስሟል። ከዚሁ ሕዝብ መካከል እግራቸው ከታች ጀምሮ ቀስ በቀስ የሚያብጥ፣ ቆዳቸው የሚሻክር፣ በየጊዜው ትኩሳትና ሥቃይ እየተነሣባቸው ከሥራ የሚውሉ ሰዎች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። የሕመሙ ስም ዝሆኔ ነው።

ዝሆኔ የያዘው ሰው መከራው እጥፍ ነበር። አንዳንዱ በሽታውን የመርገም ወይም የመተት ሥራ ነው ሲል፣ ሌላው ከሥጋ ደዌ ጋር እያምታታ ይተላለፋል በማለት በሽተኛውን ይሸሸው ነበር። ሕመሙ በአንድ ቤት ውስጥ ደጋግሞ ስለሚታይም «የዘር ነው» እየተባለ ጤነኞቹ እኅትና ወንድም ሳይቀሩ ለጋብቻ የማይፈለጉ ይሆኑ ነበር። ስለዚህ የበሽታው መነሻ ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ የሊቃውንት ብቻ ሳይሆን የቤተሰብም ጥያቄ ነበር።

በሕክምናው ዓለም ለረጅም ጊዜ የቆየው አስተያየት ከፓትሪክ ማንሰን ሥራ የመነጨ ነው። ማንሰን እ.ኤ.አ. በ1877 በቻይና ሀገር ሲሠሩ፣ ፊላሪያ የተባለው ቀጭን ትል በትንኝ ሰውነት ውስጥ እንደሚያድግ ካሳዩ ወዲህ፣ ዝሆኔ በተገኘበት ስፍራ ሁሉ ትሉም እንዳለ ይገመት ጀመር። ይሁን እንጂ ደብረ ማርቆስ የምትገኘው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ነው፤ ትሉ በትንኝ ውስጥ ለመጎልመስ የሚሻው ሙቀት ደግሞ በእንዲህ ያለ ደጋ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1960 ኮኸን የተባሉ ተመራማሪ በኢትዮጵያና በኬንያ ስለታየው የእግር እብጠት ባሳተሙት ጽሑፍ በሽታውን መነሻው ያልታወቀ ሲሉ ሰየሙት። በ1969 ደግሞ ኦመን የተባሉት ሐኪም በልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ገበያዎች የተሰበሰበውን ሕዝብ በማስቈጠር፣ ከመቶ ሰው ወደ ሦስት የሚጠጋው እግሩ ያበጠ መሆኑን አስታወቁ።

ክርክሩን ወደ አፈሩ የመለሱት በአዲስ አበባ በሥጋ ደዌ ማሠልጠኛ ማዕከል፣ በአለርት፣ ይሠሩ የነበሩት እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ናቸው። ፕራይስ በ1970ዎቹ ባሳተሟቸው ጥናቶች በሽታው የሚበዛበትን ስፍራ ከአፈሩና ከአየሩ ጠባይ ጋር አስተያዩ። የበሽታው ሀገር ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ ሸክላ አፈር ያለበት፣ ከፍታውና ዝናሙ የበዛ ሀገር ሆኖ ተገኘ። በባዶ እግራቸው ከሚሄዱ ሰዎች የተወሰዱ የብሽሽት ዕጢዎች ሲመረመሩም ሲሊከንና አሉሚኒየም ያለባቸው እጅግ ደቃቅ የአፈር ብናኞች ታዩ። ፕራይስ ከዚህ ተነሥተው ብናኙ በእግር ቆዳ በኩል ገብቶ የሊምፍ ቧንቧዎችን ያቈስላል፣ ቧንቧዎቹም እየጠበቡ ሲደፈኑ እግሩ ያብጣል አሉ።

ተቃውሞው ቀላል አልነበረም። በአንድ አፈር ላይ በባዶ እግራቸው ከሚውሉ ሰዎች ሁሉ የሚታመሙት ጥቂቶቹ ብቻ የሆኑት ስለ ምንድን ነው? ሕይወት የሌለው ነገር ሕያው አካልን የሚጎዳው በምን መንገድ ነው የሚለው ጥያቄ በዚያው ዘመን በሌላም መስክ ያከራክር ነበር። ስለ ማይክሮዌቭ ጨረር ሲከራከሩ፣ የአሜሪካ ሊቃውንት አብዛኞቹ ጉዳቱ የሚመጣው ከሙቀት ነው ሲሉ፣ የሶቪየት ኅብረት ሊቃውንት ከሙቀት በታችም ጉዳት አለ በማለት ለሠራተኛ የሚፈቀደውን መጠን ከአሜሪካው አንድ ሺህ ጊዜ ዝቅ አድርገው ወስነው ነበር። በጨረሩም በአፈሩም ረገድ ክርክሩ ያረፈው በአሠራሩ ላይ ነበር።

ፕራይስ በ1988 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ በሽታውን ፖዶኮኒዮሲስ ብለው ሰየሙት፤ በግሪክኛ እግርንና አቧራን የሚያጣምር ስም ነው። በ1985 ፋይፍና ፕራይስ ሲሊካ በጥንቸሎች የሊምፍ ቧንቧና ዕጢ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አሳተሙ። የተቃውሞው ጥያቄ ግን ከፊል መልስ ያገኘው በ2012 ነው። ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቻቸው፣ ሰውነት ባዕድ ነገርን ለይቶ እንዲከላከል የሚያዝዙ አንዳንድ ጂኖች ያሏቸው ሰዎች ለበሽታው ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን ገለጡ። «የዘር ነው» የሚለው አሮጌ ቃል ግን በዚህ አይጸድቅም፤ የተጋለጠውም ሰው ቢሆን አፈሩ እግሩን ካልነካው በዝሆኔ አይያዝምና።

በዚያው ዓመት የታተመው የዮርዳኖስ ሞላና የባልደረቦቻቸው ጥናት፣ በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ቤት ለቤት በተደረገ ቆጠራ፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ሰዎች 3.3 በመቶው በሽታው እንዳለባቸው አሳየ። በ2018 የታተመው ሌላ ጥናት ደግሞ በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማንን በሁለት ወገን ከፍሎ ለአንድ ዓመት ተከታተለ። እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለልና ጫማ ማድረግ እንደ እሳት የሚያቃጥለውን የሕመም መነሣት በአምስት አንድ እጅ ያህል ቀነሰው።

ከብናኙ ማዕድናት የትኛው ይበልጥ እንደሚጎዳ የሚደረገው ምርመራ ገና አላበቃም። መከላከያው ግን ምርመራው እስኪያልቅ መጠበቅ አላስፈለገውም፤ በሽታው ከአፈር እንደሚመጣ ከታወቀ ጀምሮ መድኃኒቱም ታውቋል። የዓለም የጤና ድርጅት ፖዶኮኒዮሲስን ችላ ከተባሉት የሐሩር ክልል በሽታዎች ጋር የቈጠረው በ2011 ሲሆን፣ ይህም ፕራይስ ስሙን ካወጡለት ከ23 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ከክርክሩ የሚገኘው ትልቁ ትምህርትም ይኸው ነው። አሠራሩ እስኪታወቅ ሊቃውንት ቢከራከሩ ይገባል፤ ገና ያልታመመው ልጅ ግን ጫማውን ማግኘት የሚገባው ክርክሩ ሳያልቅ ነው።