ሼፐርና የራውተር ጠረጴዛ፤ የሁለት መሣሪያዎች ታሪክና የሐርቡ አናጢ ምርጫ

ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው ጎዳና ላይ የምትገኘው ሐርቡ የመንገድ ከተማ ናት። የአዋሽ–ሚሌ መንገድ ከመሠራቱ በፊት ከአሰብ ወደብ ተነሥቶ በባቲና በኮምቦልቻ አድርጎ በመኪና ወደ ርእሰ ከተማው የሚጓዘው ዕቃ በዚህችው ከተማ በኩል ያልፍ ነበር። ማለፍና ማረፍ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸውና፣ የወሎ አናጢ የዋንዛና የጥድ ሳንቃውን ለረዥም ዘመን በመጋዝ፣ በመላጊያና በመሮ ብቻ ሲያበጅ ኖሯል። ዛሬ ለበርና ለመስኮት ጠርዝ ጌጥ ማውጫ መሣሪያ ለመግዛት ሲነሣ ሁለት ዓይነት መሣሪያ ይቀርብለታል፤ ይኸውም ሼፐር ወይም ራውተር የተገጠመለት ጠረጴዛ ነው።

ሼፐር የእንፋሎት ዘመን ልጅ ነው። በሚሽከረከር ምላጭ እንጨት የመቅረጽን አሳብ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤንተም እ.ኤ.አ. በ1793 ባወጣው ፓተንት ገልጾታል፤ ዘንጉ ከጠረጴዛ መካከል ቀጥ ብሎ የሚቆመውን መሣሪያ ደግሞ አሜሪካዊው አንድሩ ጊር እ.ኤ.አ. በ1853 በፓተንት አስመዘገበ። ራውተር ግን የኤሌክትሪክ ሞተር በእጅ ለመያዝ እስኪያንስ ድረስ መጠበቅ ነበረበት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ካርተር የተባለ አሜሪካዊ የሠራውን የእጅ ራውተር የስታንሊ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1929 ገዛው። ይህንኑ መሣሪያ ገልብጦ ከጠረጴዛ ሥር ማሰር ከዚያ በኋላ የመጣ ብልሃት ነው።

ልዩነታቸው የሚገለጠው በምላጩ ጫፍ ፍጥነት ነው። 120 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የሼፐር ምላጭ በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር ጫፉ በሴኮንድ 38 ሜትር ያህል ይጓዛል። 20 ሚሊሜትር የሆነው የራውተር ምላጭ በዚሁ ዙር ቢሠራ 6 ሜትር ብቻ ስለሚጓዝ እንጨቱን ይቦጭቃል እንጂ አያለሰልስም፤ ስለዚህ 20,000 ዙር ገደማ ይሻል፤ ያን ጊዜ 21 ሜትር ይደርሳል። ትልቁን ምላጭ በ20,000 ዙር ማሽከርከር ግን ፍጥነቱን ወደ 126 ሜትር ስለሚያደርሰው ፈንጂ ከመያዝ አይለይም።

በጥንቱ ሼፐር ምላጮቹ በሁለት ቀለበቶች መካከል ተጣብቀው ብቻ ስለሚያዙ፣ ብሎኑ ከላላ እንደ ጥይት ይፈናጠሩ ነበር። ስንት ጣት እንደ ቀረ ታሪክ ጸሐፊዎች ባይቆጥሩትም፣ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1922 ለእንጨት ሥራ መሣሪያዎች ልዩ የደኅንነት ደንብ ማውጣቷ ያለ ምክንያት አልነበረም። ራውተርም ቢሆን ጨዋ አይደለም፤ በሁለቱም ላይ እንጨቱ ከምላጩ ዙር በተቃራኒ ካልተገፋ ከሠራተኛው እጅ ይነጠቃል።

እንግዲህ በሳምንት ጥቂት በሮች ለሚሠራ የሐርቡ ቤት በ220 ቮልት የሚነሣው ራውተር ይበቃዋል። ሼፐር የሚያዋጣው አንድ ዓይነት ጌጥ በብዛት ለሚያወጣ ድርጅት ነው። ሞተሩም ብዙውን ጊዜ ባለ 380 ቮልት ሦስት ፌዝ መሥመር ስለሚሻ፣ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ወደ ግቢው የገባው መሥመር ስንት ፌዝ እንደሆነ ቆጣሪውን ማየት ይገባል።